ሰባት ቅርንጫፍ በቡርቃ መገንጠያ

የፖሊስ መርማሪዋ መቶ አለቃ ወሰንየለሽ ሬሳው ዘንድ የደረሰችው አንድ ሰዓት ሙሉ ዘግይታ ነው። ያዘገያትም ታፔላ ነው።

ዕለቱ ማክሰኞ፣ ኅዳር 21 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ኅዳር ጽዮን ነበር። ከአሰበ ተፈሪ የተነሣችው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተጠርታ፣ ነጠላዋን በካፖርት ለውጣ ነው። በደሳን አልፈው ጥቂት እንደ ሄዱ «ቡርቃ 7 ኪ.ሜ.» የሚል ታፔላ ቀስቱን ወደ ግራ ቀስሮ ቆሞ አገኙ። የላንድሮቨሩ ሾፌር ለአገሩ አዲስ ስለ ሆነ አመነውና ታጠፈ። መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ማሽላ ማሳ ውስጥ አለቀ። ማሽላ ሲቆርጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩአቸውና በሳቅ ፈነዱ።

«አቦ፣ እናንተም አመናችሁት? እኛ እኮ እሱን ፍየል እናስርበታለን!»

ወሰንየለሽ አልሳቀችም። በዚህ አውራጃ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ «ቀስ በል» የሚለው ታፔላ ከማጠፊያው በኋላ ቆሞ አይታለች። «መቻራ 18» ካለው ታፔላ ሁለት መቶ እርምጃ አልፎ «መቻራ 31» የሚል አይታለች። ተማሪ በሌለበት ገደል ላይ «ተማሪዎች ያቋርጣሉ» የሚልም አይታለች። የሰው ትዕግሥት የሚያልቀው በትልቅ ነገር አይደለም። እንዲህ ባለች ትንሽ፣ ማንም በማያስተካክላት ነገር ነው።

ቡርቃ መገንጠያ ላይ መንገዱ ሁለት ነው። ከመቻራ ለሚመጣ ሰው አዲሱ መንገድ በግራ በኩል ተራራውን ታክኮ ይታጠፋል፤ አሮጌው በቀኝ በኩል ወደ ወንዙ ይወርዳል። የአሮጌውን ድልድይ ከሁለት ክረምት በፊት ጎርፍ ወስዶታል። በበጋ ግን ወንዙ ደረቅ ነው፤ አዲሱ መንገድ በተበላሸ መኪና ሲዘጋ ሾፌሮች በአሮጌው ወርደው፣ አሸዋውን ተሻግረው ማዶ ይወጣሉ። መገንጠያው ላይ የቆመው ታፔላ «አሰበ ተፈሪ» ይላል፤ ቀስቱ የሚያመለክተው ግን ወደ አሮጌው መንገድ፣ ወደሌለው ድልድይ ነው።

ሾፌር መኮንን ከነቡናው የወደቀው እዚያ ነበር። የመንገድ ጥገናው ካምፕ እሑድና ሰኞ ጠጠር ሲያወጣ ቁልቁለቱን በዶዘር ቆርጦ፣ የሦስት ሰው ቁመት የሚሆን ጉድጓድ ትቶ ነበር። ኤንትሬ የጭነት መኪናው በአፍንጫው ጉድጓዱ ውስጥ ተተክሏል። ጆንያዎቹ ፈንድተው ቡናው አሸዋው ላይ ተበትኗል። መኮንን መሪውን በሁለት እጁ እንደ ጨበጠ ነበር። በዚህ መንገድ ከመቻራ አሰበ ተፈሪ ሃያ ሁለት ዓመት ተመላልሷል።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አለ አብዱረዛቅ፣ የካምፑ ኃላፊ፤ ድምፁ ስብሰባ የለመደ ነው። «ታፔላው ገደለው። ታፔላውን የተከለው ደግሞ ይኸውና።»

በጣቱ ያሳየው የካምፑን ታፔላ ሠራተኛ በድሪን ነው። አብዮት ጥበቃዎች እጁን የኋሊት አስረው መሬት ላይ አስቀምጠውታል። ጥቂት ራቅ ብላ ሚስቱ ረዲያ የውኃ ጀሪካን ታቅፋ ቆማለች።

«ሐሙስ ከሐረር የቁጥጥር ኮሚቴው ለጉብኝቱ ይመጣል» አለ አብዱረዛቅ። «ይዘውት ይሄዳሉ። አሻጥር ነው።»

ያን ጊዜ ያቺን ቃል የማያውቅ አልነበረም። በአሻጥር ተከሶ ሐረር የወረደ ሰው ሚስት ልቅሶ የምትጀምረው መኪናው ሳይነሣ ነው። ወሰንየለሽ የነበራት ጊዜ ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

በድሪ ፊት ቁጢጥ አለች።

«ታፔላውን የተከልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቀስቱ ወደ ገደል እያመለከተ?»

«መቶ አለቃ፣ የተሰጠኝ አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ከሌላ መንገድ የተነቀለ። ቀስቱ ወደ ቀኝ ተሥሏል፣ መንገዱ ወደ ግራ ነው። ምን ላድርግ? ገልብጬ ሰቀልኩት። ቀስቱ ወደ ግራ ዞረ።»

«ታዲያ?»

«ጽሑፉ ተዘቀዘቀ። የከተማውን ስም ዘቅዝቀህ ሰቀልክ ተብዬ ስብሰባ ላይ ሂስ ወረደብኝ። የንቀት ምልክት ነው ተባለ። መልሼ አቃናሁት። ስሙ ቀና፣ መንገዱ ጠመመ።»

«በቀለም ማስተካከል አልቻልክም?»

«ቀለም ካለቀ ዓመት አለፈው። አምስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ።» አንገቱን ደፋ። «ግን እኔው ነኝ የገደልኩት። በየቀኑ ሳየው ቆሽቴ ያርር ነበር። ነቅዬ መጣል ነበረብኝ።»

«ጉድጓዱንስ እንዲሁ ባዶውን ተዋችሁት?»

በድሪ ቀና አለ። «አልተውኩም! ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰባት ቅርንጫፍ አፉ ላይ ደርድሬ ነው የሄድኩት። በእያንዳንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ። ወላሂ!»

የዚያ መንገድ ሰው ይህን ያውቃል። ታፔላ ሲዋሽ የሚያድነው ቅጠል ነው። ሾፌር መኪናው ከተበላሸበት ቅርንጫፍ ቆርጦ መንገድ ላይ ይጥላል፤ የሚመጣው «ወደፊት የቆመ መኪና አለ» ብሎ ያነባል። ቅርንጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ከታሰረበት ግን የበድሪ ነው፤ ጉድጓድ አለ ማለት ነው። ይህን ማንም አላስተማረም፣ ማንም አይስተውም።

«የታለ?» አለ አብዱረዛቅ። «ጉድጓዱ አጠገብ አንዲት ቅጠል የለችም!»

እውነቱን ነው፤ የለችም።

ወሰንየለሽ ብድግ ብላ ወደ አዲሱ መንገድ ሄደች። ከመገንጠያው ሠላሳ እርምጃ ያህል እንዳለፈች ቅርንጫፎች ተደርድረው አገኘች። ሰባት ናቸው፤ ቀይ ጨርቅ የላቸውም። ማጠፊያውን ዞራ ማዶ ድረስ ተራመደች። የቆመ መኪና የለም። የፈሰሰ ዘይት የለም። ለጎማ ታኮ የሆነ ድንጋይ እንኳ የለም። ከማጠፊያው ወዲያ በኩል ደግሞ አንድም ቅርንጫፍ አልተጣለም።

ተመልሳ አንዱን አነሣች። ቅጠሉ ጠውልጓል፤ ዛሬ የተቆረጠ አይደለም። አንገቱ ላይ ልጡ እንደ ቀለበት ተልጦ ሙጫ አውጥቷል። ቅጠሉን ጨፍልቃ አሸተተች፤ ሽታው ሰነፈጣት። አንዲት ቅጠል ደብተሯ ውስጥ አስገባች።

«እሱ የሾፌሮች ነው» አለ ተከትሏት የመጣው አብዱረዛቅ። «ይጥላሉ፣ አያነሡም።»

«አንተ ማታ የት ነበርክ?»

«በደሳ ውይይት ክበብ። አርባ ሰው ያውቃል። እዚያው አድሬ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ ነው ይህን ጉድ ያየሁት።»

«ስትመጣ ከማጠፊያው ወዲያ ቅጠል አጋጠመህ?»

«ምንም። መንገዱ ንጹሕ ነበር። እዚህ ስደርስ ድንገት ጎማዬ ሊረግጠው ነበር።»

ወሰንየለሽ ወደ መኪናዋ ስትመለስ ረዲያ ጀሪካኗን ይዛ ቀረበች። የመርማሪዋ ጣቶች በሙጫው እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር።

«ላስታጥብሽ» አለቻት። ደጋግማ እያፈሰሰች፣ በአሸዋ እያሸች አጠበቻት። «እህቴ፣ በድሪ ዶሮ ማረድ የሚፈራ ሰው ነው። ሰው እንዳይወድቅ ብሎ የኔን ቀይ ሻሽ ሳይቀር ቀዷል።»

«ሰምቻለሁ» አለች ወሰንየለሽ። ከዚህ የበለጠ ተስፋ መስጠት ፈራች።

ካምፑ ከሁለት ትልልቅ ዛፎች በቀር ጥላ የሌለው ግቢ ነው። የዛፎቹ ቅርንጫፍ እንደ ሴት ጠጉር ወደ መሬት ተዘናፍሏል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ጀምበሩ በር ላይ ተቀበላት። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው።

«እንኳን ለጽዮን አደረሰዎ፣ መቶ አለቃ። በእንዲህ ያለ ቀን ይህን ማየት!» አማተበ። «ውኃ እንኳ እንዳልሰጥዎ እንደኔው ጾመኛ ነዎት መሰለኝ።»

ደስ አላት። ቀኑን ሙሉ በለስላሳ ቃል ያናገራት እሱ ብቻ ነው።

«የበድሪን ደብዳቤዎች ማየት ፈልጌ ነበር።»

ወዲያው አመጣላት፤ አምስቱም በቀይ ጨርቅ ቁራጭ ታስረዋል። ቋጠሮውን ፈትታ አነበበች። ሁሉም ስለ ታፔላ ነው፤ ሁሉም ከበላይ መሥሪያ ቤት ተመልሷል። በመጀመሪያው ጠርዝ ላይ «ይታይ» ተብሎ ተጽፏል። በሁለተኛው «ይጠና»። በሦስተኛው «ይጠበቅ»። በአራተኛው ምንም የለም። በአምስተኛው «ከዚህ በፊት መልስ ተሰጥቷል» ይላል። ወሰንየለሽ ግንባሯን አሸች። ጣቶቿ ሲጣበቁና ያ የቅጠሉ ሽታ ሲመጣባት፣ የቅድሙ ነው ብላ ወረቀቶቹን መልሳ አሰረችና ለምርመራ ይዛቸው ተነሣች።

«አዲስ ታፔላ ተልኮላችሁ አያውቅም?»

ጀምበሩ ወደ አብዱረዛቅ ቢሮ በር ዓይኑን ወርወር አደረገ። «እኔ ዘንድ የገባ የለም። ከኔ በላይ ያለውን እግዜር ይወቀው።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«የት እሄዳለሁ? ጩኸት እስክሰማ ከግምጃ ቤቴ አልወጣሁም።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወሰንየለሽ መገንጠያው ዳር ካለው የጣሂራ ሻይ ቤት ገብታ በዳቦና በሻይ ጾሟን ፈታች። ጣሂራ ለሻለቃም ለተሸካሚም አንድ ምላስ ያላት ሴት ናት።

«ብዪ እንጂ! አንቺ ብቻ ነሽ ዛሬ ከፍለሽ የምትጠጪው። ሌላው ሁሉ ሲለምነኝ ነው የነጋው። ዓሊዩ ክብሪት፣ አቶ ጀምበሩ ሳሙናና ላምባ፣ ጥበቃዎቹ ስኳር። ካምፑ ግምጃ ቤት የለውም እንዴ?»

ወሰንየለሽ ዓይኗ ከሰል ምድጃው ላይ ቀርቶ ነበር። ወፍራም ቆርቆሮ ነው። ጥላሸቱን በዳቦው ወረቀት ጠረገችው። ቢጫ ቀለም ብቅ አለ፤ ቢጫው ላይ ጥቁር ፊደል፦ «ቀስ በል»።

«ከየት ገዛሽው?»

«ከቦኬ ገበያ። ቀጥቃጩ ዘንድ ሞልቷል። ምነው፣ ልትወርሺኝ ነው?» ሳቋን አቋረጠች። «ያ ምስኪን መኮንንም እንዳንቺው ጠረገው። ቅዳሜ፣ ወደ መቻራ ሲያልፍ። 'ጣሂራ፣ ሻይሽ የሚዘገየው ለካ ለዚህ ነው!' ብሎ በሳቅ ሞተ። ከዚያ ደግሞ አስተውሎ አየው። 'ይህን እኮ እኔ ነኝ ከድሬዳዋ ጭኜ ያመጣሁት። አርባ ነበር፣ ለካምፑ አስረክቤያለሁ' አለ።»

«ማን ማን ሰማው?»

«ማን ያልሰማ አለ? አብዱረዛቅ እዚህ፣ አቶ ጀምበሩ እዚያ ጥግ፣ ዓሊዩ አጠገቡ።»

ዓሊዩ የመኮንን ተቀያሪ ሾፌር ነው። ከሻይ ቤቱ ጀርባ ጫቱን ፊቱ አስቀምጦ፣ ሳይነካው ተቀምጦ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ከመኮንን ጋር መቻራ ላይ ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣልተናል። ትቼው ሰኞ በሌላ መኪና መጣሁ። 'ሐሙስ ለኮሚቴው ስለ ታፔላዎቹ እናገራለሁ' አለኝ። ተው፣ ይበሉሃል አልኩት። 'ሃያ ሁለት ዓመት በውሸት ታፔላ መሃል ነዳሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እውነት ልናገርና ልሙት' አለኝ። ፈሪ አለኝ። እኔም የማይባል አልኩት።»

«እዚህ ደርሰህስ ለማን ነገርክ?»

ዓሊዩ ጫቱን ገፋ አደረገው። «ለሁሉም። ማታ ሻይ ቤት፣ በንዴት። ነገ ጎህ ሲቀድ ይደርሳል፣ ጉዱን ስሙለት ብዬ።»

«መኪናህ ሲበላሽ ቅጠሉን የምትጥለው በየት በኩል ነው?»

«እንዴት በየት በኩል? ከፊትም ከኋላም ነዋ! ሰው የሚመጣው በአንድ ወገን ብቻ ነው እንዴ? በአንድ በኩል የሚጥል ሾፌር አቦ፣ አላየሁም።»

በማግሥቱ ረቡዕ ጠዋት ወሰንየለሽ ወደ ቦኬ ልትወርድ ስትል ደብዳቤዎቹን ከቦርሳዋ አወጣች። ቀይ ጨርቁ አሁንም ጣቷን ያዘ። የትናንቱ የእጇ ሙጫ ነው ብላ አልፋው ነበር። ድንገት ረዲያ ከነጀሪካኗ ትዝ አለቻት። «እጄን እኮ ታጥቤ ነበር» አለች ለራሷ። ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ያው የቅጠሉ ሽታ ነው። ደስ አላላትም፤ ትናንት በለስላሳ ቃል የተቀበላትን ሰው አሰበች።

ሐሙስ የሐረሩ ኮሚቴ በሦስት ሰዓት ይደርሳል የተባለው በአራት ተኩል ደረሰ። ሰብሳቢው ጓድ ከመኪናው ሲወርድ ሱሪው ጨጎጎት በጨጎጎት ነው።

«ምን ዓይነት አገር ነው! ታፔላው ወስዶ ማሽላ ውስጥ ጨመረን!»

«አንድ ሽማግሌ ሳቁብዎት?» አለች ወሰንየለሽ።

«ምን አገባሽ? እስረኛው የታል?»

ሁሉም መገንጠያው ላይ ተሰብስበዋል። በድሪ ከነካቴናው፣ ረዲያ፣ አብዱረዛቅ፣ አቶ ጀምበሩ፣ ዓሊዩ፣ ጣሂራ ምድጃዋን ይዛ፣ ከሕዝቡ ኋላ ደግሞ ወሰንየለሽ ከቦኬ ያመጣችው አንድ ሰው።

«ጓድ፣ ከመውሰድዎ በፊት ጥቂት ይታገሡኝ» አለች። «እርስዎ ታፔላውን አምነው ጠፉ። ማክሰኞ ዕለት እኔም ጠፋሁ። የጠፋነው ሾፌሮቻችን ለአገሩ እንግዳ ስለ ሆኑ ነው። መኮንን ግን እንግዳ አልነበረም። ይህ ታፔላ ሁለት ዓመት ወደ ገደል ሲያመለክት በየሳምንቱ በሥሩ እያለፈ ወደ ግራ ይታጠፍ ነበር። ሁለት ዓመት ያልሰማውን ውሸታም ማክሰኞ ለምን ይሰማዋል? ታፔላው አልገደለውም።»

«ታዲያ ምን ገደለው?» አለ አብዱረዛቅ።

«የሚያምነው ነገር። ዓሊዩ፣ አዲሱ መንገድ ላይ ጨርቅ የሌለው ቅጠል ብታይ ምን ታደርጋለህ?»

«መኪና ተበላሽቷል እላለሁ። በአሮጌው ወርጄ በአሸዋው እሻገራለሁ።»

«መኮንንም ያንኑ አደረገ። ቅዳሜ ሲያልፍ ጉድጓዱ ገና አልተቆፈረም። ማስጠንቀቂያ ቢኖርበት ይቆም ነበር፤ አልነበረበትም። በድሪ ሰባት ቅርንጫፍ ጥያለሁ አለ፣ ማንም አላመነውም። አዲሱ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ግን ልክ ሰባት ነበሩ። ከዋዜማው የተቆረጡ፣ አንገታቸው ላይ የጨርቅ ማሰሪያ ልጣቸውን የላጠ። አንድ ሰው ከጉድጓዱ አንሥቶ፣ ጨርቃቸውን ፈትቶ፣ ሰላም የሆነው መንገድ ላይ ደረደራቸው። የሚያድነውን መንገድ ዘግቶ ሞቱን ከፈተለት።»

ዓሊዩ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ማን ነው?» አለ ሰብሳቢው፤ ሰዓቱን ማየት ትቷል።

«ዓሊዩ አይደለም። ቅጠሉ የተጣለው መኮንን በሚመጣበት ወገን ብቻ ነው። አብዱረዛቅ ከበደሳ ሲመጣ ማዶውን ንጹሕ ሆኖ አገኘው። ሾፌር በንዴት ሰው ሊገድል ቢነሣ እንኳ እጁ ልምዱን አይረሳም፤ በሁለቱም በኩል ይጥላል። በድሪም አሥራ አምስት ዓመት መንገድ ላይ የኖረ ነው። ይህን የሠራው ልማዱን በዓይኑ እንጂ በእጁ የማያውቅ ሰው ነው። የቢሮ ሰው።»

አብዱረዛቅ አመዱ ቡን አለ። «እኔ በደሳ...»

«አርባ ምስክር አለህ። ጠይቄያለሁ። አርባውም ስለ ንግግርህ ርዝመት አማርረዋል።»

ከጣሂራ በቀር የሳቀ የለም።

ወሰንየለሽ ከቦርሳዋ ደብዳቤዎቹን አወጣች። «ቅርንጫፎቹ ካምፑ ግቢ ካሉት የቁንዶ በርበሬ ዛፎች ናቸው። ሙጫው ይጣበቃል፣ በውኃ ብቻ አይለቅም። ማክሰኞ ረዲያ በአሸዋ አሽታ እጄን አጠበችኝ። ከዚያ ይህን ጨርቅ ስፈታ ጣቴ እንደ ገና ተጣበቀ። ሙጫው ከእጄ አልነበረም፤ ከጨርቁ ነው። ረዲያ፣ እስኪ እዪው።»

ረዲያ ተቀብላ ጠርዙን ዳሰሰች። «የኔ ሻሽ ነው። ክፈፉን ራሴ ነኝ የሰፋሁት።»

«አቶ ጀምበሩ» አለች ወሰንየለሽ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ደብዳቤዎቹን በዚህ ያሰሩት መቼ ነው?»

«ዓመት... ዓመት ሆኖታል።»

«የዓመት ሙጫ ደርቆ ይረግፋል። ይህ ገና ጣት ይይዛል። ማለዳስ ከግምጃ ቤት ካልወጡ፣ ከጣሂራ ሳሙና የለመነው፣ አልለቅ ሲለው ላምባ የጠየቀው ማን ነው?»

«እሱ ነው!» አለች ጣሂራ። «ቁልፍ ግራሶ እየቀባሁ ነበር አለኝ!»

«ሌላ ሰው ቢሆን ጨርቁን ወንዝ ይጥለው ነበር። እርስዎ ግን ሃያ ዓመት ገመድ ቋጥረው፣ ምስማር አቃንተው የኖሩ የዕቃ ሰው ነዎት። ቁራጭ ጨርቅ መጣል እጅዎ እንቢ አለ። ስድስቱን ዛሬ ጠዋት ጥበቃዎቹ ከመሳቢያዎ አውጥተዋል፤ ተጣጥፈው ነበር።» ወደ ኋላ ዞረች። «አርባውን ታፔላ ያመጣልህ ማን ነው?»

ከቦኬ የመጣው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ጀምበሩን በጣቱ አሳየ።

«ለዚህ ነው በድሪ አንድ ቆርቆሮ ሲገለብጥ የኖረው» አለች። «አርባው ምድጃ ሆኗል። መኮንን አውቆት ነበር፤ ሐሙስ፣ ዛሬ ማለት ነው፣ እዚህ ቆሞ ሊናገር ነበር።»

ጀምበሩ የታፔላው ብረት ላይ ተደገፈ። «ልገድለው አልነበረም! አሸዋ ውስጥ እንዲያዝ፣ ሁለት ቀን እንዲዘገይ ብቻ ነው። ኮሚቴው እስኪያልፍ። የቆርቆሮው ነገር ከታወቀ ይረሽኑኛል!»

«ለማዘግየት ቢሆን አዲሱን መንገድ ይዘጉ ነበር እንጂ ጉድጓዱን አይገልጡም ነበር» አለች ወሰንየለሽ። ከዚያ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጨመረች፦ «በጽዮን ማለዳ፣ አቶ ጀምበሩ። ከምግብ ጾመው።»

ጀምበሩ እጁን ለጥበቃዎቹ ዘረጋ።

የኮሚቴው መኪና እንደታሰበው አንድ እስረኛ ይዞ ተመለሰ፤ እስረኛው ግን በድሪ አልነበረም። የበድሪ እጅ ሲፈታ ረዲያ እልል ልትል አፏን ከፍታ እንባ አቋረጣት። ባሏ ግን ወደ እሷ አልሄደም። ወደ ወንዙ ነው ያየው።

«መቶ አለቃ፣ ጉድጓዱ ላይ ማን ምልክት አደረገ?»

ሁሉም ተያየ። ሦስት ቀን ሙሉ አብዮት ጥበቃ፣ ፖሊስ፣ ካምፕ፣ ኮሚቴ ዙሪያውን ቆሞ ሲከራከር፣ ጉድጓዱ አፉን እንደ ከፈተ ነበር። ወሰንየለሽ ራሷም አላሰበችውም። ፊቷ በኀፍረት ጋለ።

«ጨርቆቼን ስጪኝ» አለ በድሪ።

«ማስረጃ ናቸው እኮ።»

«መኪና ይመጣል፣ እህቴ!»

ስድስቱን ሰጠችው፤ ሰባተኛዋን ለፍርድ ቤቱ አስቀረች። ረዲያ «ሰው ከሞት ተርፎ መጀመሪያ ቤቱ ይገባል!» እያለች ስትቆጣው ቆየችና፣ ቅርንጫፍ መልቀም ጀመረች። ለሰባተኛው ከራሷ ላይ ያለውን ሻሽ ቀደደችለት።

ወሰንየለሽ የዚያኑ ሳምንት ስድስተኛውን ደብዳቤ በራሷ እጅ ጻፈች። በታፔላው ሰበብ አንድ ሰው እንደ ሞተ፣ ሌላ ሰውም ሊሞት እንደ ነበር፣ የሚያስፈልገውም ቀስቱ ወደ ግራ የሆነ አንድ ቆርቆሮ ብቻ እንደ ሆነ ገለጸች። ከአራት ወር በኋላ ወረቀቱ ተመልሶ መጣላት። ጠርዙ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ይታይ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ከዚያ ወዲህ በቡርቃ ባለፈች ቁጥር ታፔላው ወደሌለው ድልድይ እያመለከተ ታገኘዋለች። ብረቱ ወገብ ላይ ግን አንድ ለምለም ቅርንጫፍ ወደ ግራ ተሰክቷል፤ ሲጠወልግ ይለወጣል። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ሾፌሮች ወደ ላይ አያዩም። ጨርቁን አይተው ይታጠፋሉ።